«መጠቅለል» ብቻውን አይበቃም፦ ዲኤንኤ በሕዋስ ውስጥ ስለሚቀመጥበት አኳኋን በምንጠቀምባቸው ቃላት ላይ የቀረበ ሂስ

የሙያ ቃላት ጉዳይ በተነሣ ቁጥር ክርክሩ የሚያተኩረው በአብዛኛው በስሞች ላይ ነው። አንዱ ወገን የባዕዱ ስም እንዳለ ይግባ ይላል፤ ሌላው ከግዕዝ ይፍለቅ ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ ሕዝቡ ከሚናገረው ይወሰድ ይላል። ክርክሩ ጠቃሚ መሆኑን የሚክድ የለም። ነገር ግን ስሙ ከተገኘ በኋላ፣ በስሙ የተጠራው ነገር የሚያደርገውን ወይም የሚደረግበትን የሚናገረው ግስ ብዙውን ጊዜ ሳይመረመር ያልፋል። የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ስሙን አመዛዝኖ ከወሰነ በኋላ ግሱን ለተርጓሚው ይተውለታል፤ ተርጓሚውም በቅርብ ያገኘውን ያነሣል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ቸልታ የሚያስከትለውን ጉዳት በአንድ ጉዳይ ላይ ማሳየት ነው። ጉዳዩም ዲኤንኤ በሕዋስ አስኳል ውስጥ የሚቀመጥበት አኳኋን ነው።

ሙያው ሌላ ለሆነ አንባቢ ነገሩን በአጭሩ እናስቀድም። ዲኤንኤ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፈው ትእዛዝ የተጻፈበት ረጅም ሞለኪውል ነው። በአንድ የሰው ሕዋስ አስኳል ውስጥ 46 ክሮሞሶሞች ይገኛሉ፤ በእነዚህ ውስጥ ያለው ዲኤንኤ ሁሉ ጫፍ ለጫፍ ቢቀጣጠል ርዝመቱ 2 ሜትር ያህል ይሆናል። ውፍረቱ ግን 2 ናኖሜትር ብቻ ነው፤ ናኖሜትር ማለት ከሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛው ነው። አስኳሉ ራሱ ከዳር እስከ ዳር ቢለካ በአብዛኛው ከሚሊሜትር አንድ መቶኛውን አያልፍም። እንግዲህ ሁለት ጥያቄዎች ይነሣሉ። ይህን ያህል ረጅም ክር በዚያ ጠባብ ስፍራ እንዴት ይገባል? ከገባስ በኋላ እንዴት ይነበባል?

ስለዚህ ጉዳይ በአማርኛ በሚቀርቡ ማብራሪያዎች ለመጀመሪያው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ዘወትር አንድ ግስ ነው፤ «ተጠቅልሎ» ይባላል። አንዳንዶች «ታሽጎ» ይላሉ። ሁለተኛው ጥያቄ ግን ሳይነሣ ይቀራል። የሚቀረውም ጸሐፊዎቹ ስለ ዘነጉት ብቻ አይደለም፤ የመረጡት ግስ ጥያቄውን ስለሚዘጋባቸው ጭምር ነው።

ይህን የምለው ራሴን ከወቀሳው አውጥቼ አይደለም። ሥነ ሕይወት በማስተምርበት ዘመን ይህን ክፍል ሳስረዳ እኔም «ታሽጎ ይቀመጣል» እል ነበር። አንድ ቀን አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ፣ «መምህር፣ የታሸገ ደብዳቤ ሳይከፈት ይነበባል ወይ?» ስትል ጠየቀችኝ። በጊዜው «ሲያስፈልግ ይከፈታል» ብዬ አለፍሁት። ጥያቄዋ የሥነ ሕይወት ብቻ ሳይሆን የቋንቋም ጥያቄ እንደ ነበረ የተረዳሁት ቆይቼ ነው።

1. አንድ ግስ የሸፈናቸው አምስት ድርጊቶች

በአማርኛ የሚጠቀለለው ልብስ ነው፤ ወረቀት ነው፤ እንጀራ ነው፤ ሰሌን ነው። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ የጋራ ነገር አለ። የተዘረጋው ይሰበሰባል፤ ውስጡ ይሸፈናል፤ የሚታየው ውጪው ብቻ ይሆናል። የተጠቀለለ ነገር እስኪፈታ ድረስ ከሥራ ውጪ ነው። ይህ የግሱ ጉድለት አይደለም፤ ትክክለኛ ትርጉሙ ነው። ጉድለቱ የእኛ ነው፤ በሕዋስ ውስጥ የሚፈጸሙ ቢያንስ አምስት የተለያዩ ድርጊቶችን በዚህ በአንዱ ላይ ጭነናልና። ድርጊቶቹን አንድ በአንድ እንመልከት።

የመጀመሪያው መጠምዘዝ ነው። ጄምስ ዋትሰንና ፍራንሲስ ክሪክ በ1953 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት፣ ዲኤንኤ እርስ በርሳቸው የተጠማዘዙ ሁለት ክሮች ያሉት ነው። ለዚህ ግኝት መሠረት ከሆኑት ማስረጃዎች አንዱ ሮዛሊንድ ፍራንክሊንና ሬይመንድ ጎስሊንግ በ1952 በለንደን ኪንግስ ኮሌጅ ያነሡት የኤክስሬይ ምስል ነበር። ጥምዙ ወደ ቀኝ የሚዞር ሲሆን፣ አንድ ሙሉ ዙር 3.4 ናኖሜትር ያህል ርዝመትና 10 ተኩል ገደማ ጥንድ ቤዞች አሉት። ቤዞች የምንላቸው አዴኒን፣ ታይሚን፣ ጓኒንና ሳይቶሲን የሚባሉትን አራቱን የጽሕፈቱን «ፊደላት» ነው። ልብ ሊባል የሚገባው ይህ ጥምዝ ከአቀማመጥ ጋር ግንኙነት የሌለው መሆኑ ነው። ዲኤንኤ በብልቃጥ ውኃ ውስጥ ብቻውን ቢገኝም ጥምዝ ነው፤ ባሕርዩ ነውና። ነገር ግን አንዳንድ ጽሑፎች ይህን «የመጠቅለል የመጀመሪያ ደረጃ» ብለው ሲቈጥሩት እናያለን። ስሕተቱ ከግሱ የመጣ ነው። «ተጠመዘዘ» እና «ተጠቀለለ» ተምታተዋል።

ሁለተኛው መጠምጠም ነው። በአስኳል ውስጥ ዲኤንኤ ብቻውን አይኖርም። አልብረሽት ኮሰል የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ በ1884 ከዝይ ቀይ የደም ሕዋሳት አስኳል ያወጣውና ሂስቶን ብሎ የሰየመው የፕሮቲን ዓይነት አብሮት ይገኛል። ሮጀር ኮርንበርግ በ1974 ባቀረበው ሐሳብ መሠረት፣ ከአራት ዓይነት ሂስቶኖች ሁለት ሁለት ተወስደው ስምንት ሆነው አንድ እምብርት ይሠራሉ፤ 200 ያህል ጥንድ ቤዞች ያሉት የዲኤንኤ ክፍልም ለእያንዳንዱ እምብርት ይደርሰዋል። ይህ አሃድ ኑክሊዮሶም ይባላል። በ1997 ካሮሊን ሉገርና ቲሞቲ ሪችመንድ ከባልደረቦቻቸው ጋር በዙሪክ ቅርጹን በዝርዝር አሳዩ። 146 ጥንድ ቤዞች ያሉት ዲኤንኤ በእምብርቱ ውጪ 1.65 ጊዜ ይዞራል፤ የሚዞረውም ወደ ግራ ነው። እንግዲህ ጥምዙ ወደ ቀኝ፣ ጥምጥሙ ወደ ግራ ነው። ሁለቱን በአንድ ግስ የሚጽፍ ሰው ይህን ልዩነት ለአንባቢው የሚያስረዳበት መንገድ የለውም።

በዚህ ስፍራ ከውጭ የተወረሰ አንድ ምሳሌ ብዙ ጉዳት አድርሶብናል። በ1974 ዶናልድ ኦሊንስና አዳ ኦሊንስ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ያዩትን ሲገልጹ፣ ኑክሊዮሶሞቹ በክር ላይ የተደረደሩ ክብ ነገሮች መስለው ነበር። ከዚያ ወዲህ «በክር ላይ ያሉ ዶቃዎች» የሚለው አነጋገር በየመጽሐፉ ገባ፤ ወደ አማርኛም «በክር የተሰካ ዶቃ» ሆኖ ተተረጐመ። አማርኛ ተናጋሪ ግን ዶቃ እንዴት እንደሚሰካ ያውቃል። ዶቃ ቀዳዳ አለው፤ ክሩም በቀዳዳው ውስጥ ያልፋል። ስለዚህ ተማሪው ዲኤንኤ በፕሮቲኑ ውስጥ እንደሚያልፍ አድርጎ ይሥላል። እውነቱ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ፕሮቲኑ ከውስጥ፣ ዲኤንኤው ከውጪ ነው። ልዩነቱ ጥቃቅን አይምሰል። በዶቃ ውስጥ ያለፈ ክር ከሁሉም ወገን የተሸፈነ ነው። በእምብርት ላይ የተጠመጠመ ክር ግን አንደኛው ገጹ ወደ ውጪ ነው፤ ጫፉም ለአፍታ ይላቀቃል፤ መልሶም ይጠመጠማል። አንባቢ ሆነው የሚሠሩት ፕሮቲኖች በዚህች አፍታ የሚፈልጉትን ስፍራ ማግኘት ይችላሉ።

ለዚህ የሚሆን ቃል ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የካህን ጥምጥም በየዕለቱ የምናየው ነው። ጨርቁ ከውጪ፣ ራሱ ከውስጥ ነው፤ ዙሩ ይቈጠራል፤ ጫፉም ይፈታል። ሸማኔም ማጉን በቀሰም ላይ ሲያዳውር የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ዶቃው ከባዕድ ምሳሌ ሲተረጐም ሐሰት ሆነ፤ ጥምጥሙ ግን እውነቱን ሳያዛባ ይናገራል።

ሦስተኛው መክረር ነው። ይህን ጥጥ የፈተሉ እናቶቻችን ከማንም ይልቅ ያውቁታል። በእንዝርት ላይ ክሩ ከሚገባው በላይ ሲዞር ይከራል፤ ሲለቁት በራሱ ላይ ይጠመዘዛል። በዲኤንኤም የሚሆነው እንዲሁ ነው። የማንበቢያው ፕሮቲን ሁለቱን ክሮች እየለያየ ሲሄድ ከፊቱ ያለው ክፍል ይከራል፤ ከኋላው ያለው ይላላል። ይህ ሳይቃለል ቢቀር ንባቡ ይቆማል። ጄምስ ዋንግ በ1971 እንዳሳወቀው ይህን መክረር የሚያቃልሉ ኤንዛይሞች አሉ፤ ክሩን ቈርጠው ዙሩን ካስለቀቁ በኋላ መልሰው ይቀጥሉታል። ማርቲን ጌለርትና ባልደረቦቹ ደግሞ በ1976 በባክቴሪያ ውስጥ ጋይሬስ የተባለውን አገኙ። ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ አስኳል የለውም፤ ሂስቶንም የለውም። ቀለበት የሆነው ዲኤንኤው 4.6 ሚሊዮን ጥንድ ቤዞች አሉት፤ ቢዘረጋ አንድ ሚሊሜትር ተኩል ይሆናል። ባክቴሪያው ራሱ ግን ርዝመቱ ከሚሊሜትር ሁለት ሺህኛ ገደማ ነው። እንዲያ ያለውን ክር ሰብስበው ከሚያኖሩት ኃይሎች ዋነኛው በጋይሬስ የሚመራው መክረር ነው። በየመድኃኒት ቤቱ የሚታወቀው ሲፕሮፍሎክሳሲን ባክቴሪያን የሚገድለው ጋይሬስንና ዘመዱን ይዞ ሥራቸውን በማሰናከል ነው፤ የተቈረጠው ክር ሳይቀጠል ይቀራል። «ሲከር ይበጠሳል» የሚለው አባባል እዚህ ላይ ለተማሪ የሚነግረው ነገር አለ። «ሲጠቀለል» ቢባል ግን ምንም አይነግረውም።

አራተኛው ማጠፍ ነው። ኑክሊዮሶሞችን የተሸከመው ክር ሰፋፊ እጥፋቶችን ይሠራል። ኮሂሲንና ኮንደንሲን የተባሉ ቀለበት መሰል ፕሮቲኖች ክሩን እየጐተቱ እጥፋቱን ያሰፉታል፤ ኮንደንሲን ይህን ሲያደርግ በ2018 በማይክሮስኮፕ በቀጥታ ታይቷል። በእጥፋቱ ምክንያት በክሩ ላይ እጅግ የተራራቁ ሁለት ስፍራዎች ጐን ለጐን ይገናኛሉ፤ አንዱም የሌላውን ንባብ ያስጀምራል። እዚህ ላይ የድርጊቱ ፋይዳ ስፍራ መቈጠብ ብቻ አይደለም፤ ማገናኘት ነው።

አምስተኛው መጠቅጠቅ ነው። ሕዋሱ ሊከፈል ሲል ክሮሞሶሞቹ እጅግ ጥቅጥቅ ይላሉ። ከሰው ክሮሞሶሞች ትልቁ፣ ማለት አንደኛው፣ 248 ሚሊዮን ያህል ጥንድ ቤዞች አሉት፤ ዲኤንኤው ቢዘረጋ ከ8 ሳንቲሜትር ያልፋል። በክፍፍል ጊዜ ግን ርዝመቱ በግምት ወደ አንድ መቶኛ ሚሊሜትር ይወርዳል። በየመማሪያው ሽፋን ላይ የምናየው እግሩን ያነባበረ መስቀል የመሰለ ሥዕል የዚህች ጊዜ ሥዕል ነው። ሕዋሱ ከሕይወቱ አብዛኛውን የሚያሳልፈው በዚህ መልክ አይደለም። «ጠቀለለ» የሚለው ግስ ቢቀርብ ለዚህ ለአምስተኛው ብቻ ይቀርባል፤ በዚህ ጊዜ ዲኤንኤው በአብዛኛው አይነበብም፤ ተሰብስቦ ይጓጓዛል። ስለዚህ የመንገድ ጓዙን ስም ወስደን የቤቱን ኑሮ ሁሉ ሰይመንበታል ማለት ነው።

2. «ደረጃ በደረጃ» ስለሚለው

ከዚሁ ጋር የተያያዘ ሌላ ልማድ አለ። በብዙ መጻሕፍት የሚታየው ሥዕል ዲኤንኤን በመሰላል መልክ ያስቀምጠዋል። መጀመሪያ የ2 ናኖሜትር ጥምዝ፣ ቀጥሎ የ11 ናኖሜትር የኑክሊዮሶም ሰንሰለት፣ ከዚያ የ30 ናኖሜትር ድርብ ገመድ፣ እያለ እስከ ሙሉው ክሮሞሶም ይወጣል። የ30 ናኖሜትሩን ገመድ ቅርጽ ጆን ፊንችና አሮን ክሉግ በ1976 አቅርበውት ነበር። ከሕዋስ በወጣ ክሮማቲን ላይ በእርግጥ ይታያል። ነገር ግን በሕያው ሕዋስ ውስጥ እንደ አጠቃላይ ደረጃ ሆኖ ለመገኘቱ የተደረገው ፍለጋ አጥጋቢ ውጤት አላስገኘም። በ2017 ክሎዳ ኦሼይና ባልደረቦቿ በሰው ሕዋሳት ላይ ባደረጉት ጥናት የታየው ውፍረቱ ከ5 እስከ 24 ናኖሜትር የሚለያይ፣ ሥርዓት ያለው ቅርጽ የማይታይበት ሰንሰለት ነው። ልዩነቱ የሚመጣው ከደረጃ ሳይሆን ከጥግግት ነው፤ አንዱ ስፍራ ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ሌላው የላላ ነው።

ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ትልቅ ነው። ለክሮማቲን ብያኔ ሲሰጥ «በ30 ናኖሜትር ገመድ መልክ ደረጃ በደረጃ የተጠቀለለ» ብሎ የጻፈ ሰው፣ በጊዜው የነበረውን መላ ምት እንደ ቃሉ ትርጉም መዝግቦታል። መላ ምቱ ሲናወጥ ብያኔው ሐሰት ሆኖ ይቀራል። «ዲኤንኤ፣ ሂስቶኖችና ሌሎች ፕሮቲኖች በአስኳል ውስጥ በአንድነት የሚሠሩት አካል» ቢባል ግን የማወቂያ መንገዱ ሲለወጥ ብያኔው አይፈርስም። ብያኔ ነገሩን ከሌላው የሚለይበትን ያህል ይናገር፤ የዘመኑን ሥዕል ሁሉ አይሸከም።

3. ቁም ነገሩ የት ላይ ነው?

አንዳንድ አንባቢ «ይህ ሁሉ የቃል ክርክር ነው፤ ተማሪው ሐሳቡን ካገኘ ግሱ ምን ያደርጋል?» ይል ይሆናል። መልሱ፣ ግሱ ከተሳሳተ ሐሳቡን አያገኘውም የሚል ነው። ይኸውም በሚከተለው ይታያል።

የአንድ ሰው የጉበት ሕዋስና የነርቭ ሕዋስ አንድ ዓይነት ዲኤንኤ አላቸው። ጽሑፉ አንድ ሲሆን ሥራቸው ለምን ተለያየ? ከመልሱ አንዱ ዋና ክፍል በአቀማመጡ ላይ ነው። በጉበት ሕዋስ የላላው ስፍራ በነርቭ ሕዋስ ጥቅጥቅ ብሎ ይገኛል፤ የላላው ይነበባል፤ ጥቅጥቁ በአብዛኛው አይነበብም። ኤሚል ሃይትስ በ1928 በቀለም ተነክረው ሲታዩ የሚጠቁሩትንና የሚፈዙትን የክሮማቲን ክፍሎች በሁለት ስም ለይቷቸው ነበር። ቪንሰንት ኦልፍሪ በ1964 በሂስቶኖች ላይ የሚደረጉ ጥቃቅን ኬሚካዊ ለውጦች ከንባቡ ጋር ግንኙነት እንዳላቸው ሐሳብ አቀረበ። በ1996 ዴቪድ አሊስና ባልደረቦቹ ይህን ለውጥ ከሚያካሂዱት ኤንዛይሞች አንዱ፣ ንባብን በማስጀመር አስቀድሞ የታወቀ ፕሮቲን መሆኑን አሳዩ። እንግዲህ ክሩ የሚጠመጠምበት እምብርት ክር መሸከሚያ ብቻ አይደለም፤ ምን እንደሚነበብ በመወሰን ረገድ ተካፋይ ነው።

ሌላ ምሳሌ እንጨምር። መሪ ባርና ኢዋርት በርትራም በ1949 በሴት ድመት የነርቭ ሕዋሳት ውስጥ አንዲት ጥቁር ነጥብ አዩ፤ በወንዱ ግን አላገኟትም። ሜሪ ላየን በ1961 ከሴቶቹ ሁለት ኤክስ ክሮሞሶሞች አንደኛው በየሕዋሱ ተጠቅጥቆ ከንባብ እንደሚወጣ ገለጸች። ሴቷ ድመት በቡናማና በጥቁር የምትዥጐረጐረው በዚህ ምክንያት ነው፤ በአንዱ የቆዳ ስፍራ አንደኛው፣ በሌላው ስፍራ ሁለተኛው ኤክስ ተጠቅጥቋልና። ጽሑፉ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ጥግግቱ ነው።

ነገሩ ከድመት ጠጉር አልፎ ከሰው ሕይወት ጋር ይገናኛል። በ2012 የወጡ ጥናቶች በሕፃናት ላይ በሚደርስ እጅግ ክፉ የአንጎል ካንሰር ውስጥ ኤች 3 የተባለው ሂስቶን ራሱ በአንዲት ስፍራ ተለውጦ መገኘቱን አሳይተዋል። «ሂስቶን መጠቅለያ ነው» ብሎ የተማረ ሰው የመጠቅለያ መለወጥ ካንሰር ሊያመጣ እንደሚችል ሊገባው አይችልም። ወረቀቱ ቢቀየር ስጦታው ያው ነውና። ሂስቶን የንባቡ ተካፋይ መሆኑን በትክክለኛ ቃል የተረዳ ሰው ግን ከመነሻው ይገባዋል።

ለዚህ ሁሉ በገዛ ቋንቋችን ውስጥ የቀረበ ምሳሌ አለ። የዚህ መጽሔት አንባብያን ከማንም በላይ የሚያውቁት ነው፤ መጥበቅና መላላት። «ገና» ብለን ስንጽፍ ሁለቱ ፊደላት ያው ናቸው። «ና» ጠብቆ ሲነበብ በዓሉ ነው፤ ላልቶ ሲነበብ «እስከ አሁን» ማለት ነው። «አለ» ብለን ስንጽፍም «ለ» ቢላላ ተናገረ፣ ቢጠብቅ ይገኛል ይሆናል። ፊደሉ አልተነካም፤ ልዩነቱን የሚያመጣው ፊደሉ የማያሳየው ጥበቃ ነው። ዲኤንኤም በፊደሉ ቅደም ተከተል ብቻ ተነቦ አያልቅም፤ የት እንደ ጠበቀና የት እንደ ላላ ማወቅ ያስፈልጋል። ምሳሌው ሙሉ እንዳልሆነ መናገር ይገባል። በቋንቋችን የጠበቀውም የላላውም ይነበባል፤ በሕዋስ ግን የጠበቀው በአብዛኛው ከንባብ ይወጣል። ይህ ልዩነት ከተነገረ በኋላ ምሳሌው ከዶቃውም ከታሸገው ዕቃም የተሻለ ያስተምራል።

4. ስለ ስሞቹ ጥቂት

ስለ ግስ ይህን ካልን ዘንድ ስሞቹን ጨርሶ መተው አይቻልም። «ዘረመል» የሚለው ቃል ዛሬ በጋዜጣና በሬዲዮ አንድ ጊዜ ለጂን፣ አንድ ጊዜ ለዲኤንኤ፣ አንድ ጊዜም ለጠቅላላው የዘር ውርስ ጥናት ሲያገለግል ይሰማል። ቃሉ ለጆሮ የማይከብድ፣ ሕዝብም የተቀበለው ነው፤ ነገር ግን ሦስት ሥራ የያዘ ቃል ለሙያ ጽሑፍ አይመችም። ቢወሰን ለአንዱ ይወሰን።

ለክሮሞሶም የቀረበው «ሐብለ በራሂ» ደግሞ ሌላ ጥያቄ ያስነሣል። «ሐብል» በግዕዝ ገመድ ነው፤ በአማርኛ ግን የአንገት ጌጥ ነው። ግዕዝ የተማረ ሰው ገመዱን ያስባል፤ ያልተማረው የጌጡን ሰንሰለት ያስባል፤ እንደገና ወደ ዶቃው ሥዕል ይመለሳል። «በራሂ» ለጂን የቆመ ስለ ሆነ፣ ስሙ ክሮሞሶምን የጂኖች ድርድር ያደርገዋል። ነገር ግን በሰው ዲኤንኤ ውስጥ ፕሮቲን እንዲሠራ በቀጥታ የሚያዝዘው ክፍል ከመቶ ሁለት እጅ አይሞላም፤ በክሮሞሶም ውስጥ ደግሞ ከዲኤንኤው ሌላ ብዙ ፕሮቲን አለ። ስሙ ከነገሩ ጥቂቱን ብቻ ይዞ ሙሉውን ሰየመ ማለት ነው።

«ክሮሞሶም» የሚለውን ስም በ1888 ያወጣው ቪልሄልም ቫልዳየር ነው። በጽርእ ትርጉሙ «ባለ ቀለም አካል» ነው፤ በቀለም ሲነከር ስለሚታይ ነው። ስሙ ስለ ነገሩ ባሕርይ ምንም አልተናገረም። እንደ ድክመት የሚቈጠረው ይህ ጠባይ ብርታቱ ነው፤ ያልተናገረውን ነገር በኋላ የመጣ እውቀት ሊያፈርስበት አልቻለም። ስለዚህ ክሮሞሶም፣ ክሮማቲን፣ ሂስቶን፣ ኑክሊዮሶም የሚሉት ዓለም አቀፍ ስሞች በአማርኛ እንዳሉ ቢገቡ የሚጐዳ ነገር አይታየኝም። «ሐብለ በራሂ»ን ያወጡ ሊቃውንት ድካም ከንቱ ነው ለማለት አይደለም፤ በአማርኛ ሳይንስ ሊጻፍ እንደሚችል ካሳዩት መካከል እነርሱም ናቸውና። ሆኖም ስምን ከጐረቤት መዋስ ነውር የለውም። ግስ ግን ከቤት መገኘት አለበት፤ አንባቢው ነገሩን የሚያይበት ዓይን ግሱ ነውና።

5. የቀረበ አስተያየት

ከላይ በተባለው መሠረት በሙያ ጽሑፎች ውስጥ የሚከተለው ልዩነት እንዲጠበቅ ሐሳብ እናቀርባለን።

ሀ. ሁለቱ የዲኤንኤ ክሮች እርስ በርሳቸው ሲዞሩ «ተጠማዘዘ»፤ ቅርጹ «ድርብ ጥምዝ»።

ለ. ዲኤንኤ በሂስቶን እምብርት ላይ ሲዞር «ተጠመጠመ»፤ ዙሩ «ጥምጥም»።

ሐ. ጥምዙ ከልኩ ሲያልፍ «ከረረ»፤ ሁኔታው «ክረት»፤ ተቃራኒው «ላላ»።

መ. ክሩ በፕሮቲን ቀለበት ተጐትቶ ሲመለስ «ታጠፈ»፤ ውጤቱ «እጥፋት»።

ሠ. ክሮማቲን ሲጠጋጋ «ተጠቀጠቀ»፤ የማይነበበው ክፍል «ጥቅጥቅ ክሮማቲን»፣ የሚነበበው «ልል ክሮማቲን»።

ረ. «ጠቀለለ» ስለ ነገሩ በጥቅሉ ለመናገር፣ ይልቁንም ለክፍፍል ጊዜ ይቀመጥ፤ «አሸገ» ግን ከዚህ ጉዳይ ፈጽሞ ይውጣ።

ከእነዚህ ውስጥ አዲስ ቃል የሚባል እምብዛም የለም። ፈታይና ሸማኔ፣ ካህንና የቤት እመቤት በየቀኑ የሚናገሯቸው ናቸው። አንድ ተቃውሞ ግን ይጠበቃል። እነዚህ ቃላት ሁሉ የሰው እጅ ያለባቸው ናቸው፤ የሚጠመጥም፣ የሚያከርር፣ የሚያጥፍ አድራጊ ይጠይቃሉ፤ በሕዋስ ውስጥ ግን ሸማኔ የለም። ተቃውሞው ትክክል ነው። ስለዚህም ከላይ የተዘረዘሩት ሁሉ «ተ» ባለው ወይም አድራጊ በማይጠይቀው የግስ መልክ ቀርበዋል፤ «ተጠመጠመ» እንጂ «ጠመጠመው» አላልንም። መምህሩም አድራጊዎቹ ፕሮቲኖችና የሙቀት እንቅስቃሴ መሆናቸውን በቃል ይጨምር።

አማርኛ በአንደኛ ደረጃ የትምህርት ቋንቋ በሆነባቸው ትምህርት ቤቶች ልጁ ስለ ሕዋስ መጀመሪያ የሚሰማው በአማርኛ ነው። ወደ ሁለተኛ ደረጃ ሲያልፍ መጽሐፉ እንግሊዝኛ ይሆናል፤ በልቡ የያዘው ሥዕል ግን በአማርኛ የተሣለው ነው። ያ ሥዕል የታሸገ ጥቅል ከሆነ፣ ከዚያ በኋላ የሚማረውን ሁሉ ከጥቅሉ ውጪ ቆሞ ይማረዋል። ያቺ ተማሪ ዛሬ ብትጠይቀኝ፣ ደብዳቤው አልታሸገም እላት ነበር፤ ተጠምጥሟል፤ አንዱ ገጹ ወደ ውጪ ነው፤ የት እንደ ጠበቀና የት እንደ ላላ የሚያውቅ ያነበዋል።